የተቆረጠው የቀን መብራት

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ለአንዲት ልጅ ስለ እናቷ መንገር ያቃተኝን ነው የምነግራችሁ። በእጄ የነካሁት ነገር ነው፤ እጄ ዛሬም ይሸተኛል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ጋራዣችን ዳገቱ ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ላይ ጭጋግ ይተኛል።

መንገዱን የሚጠርጉ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። "እማማ መብራት" እንላቸዋለን። በቀን መብራት አብርቶ የሚያልፍ ካዩ መጥረጊያቸውን ብብታቸው ሥር ይሸጉጡና መዳፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጉለታል። መብራትህ በርቷል፣ ባትሪህ እንዳያልቅ ማለታቸው ነው። ልጃቸው ጥፍራቸውን ቀይ ትቀባቸዋለች፤ ከሩቅ ይታያል።

አዲሶቹ መኪኖች ሞተር ሲነሳ አብሮ የሚበራ የቀን መብራት እንዳላቸው ማን ይንገራቸው?

ሰኞ ዕለት በዚያ መንገድ የሚመላለስ ዳቦ አከፋፋይ መኪናውን አመጣ።

"ይሄን የቀን መብራት ቁረጥልኝ። ሴትዮዋ በየቀኑ እጇን እያርገበገበች ነፍሴን አወጣችው።"

"መኪናህ ከሩቅ እንዲታይ እኮ ነው የተሠራው።"

"ቁረጥ አልኩህ!"

እየሳቅኩ ቆረጥኩት። የሽቦውን ጫፎች በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ጥፋት እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሶ መጣ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አልቆረጥከውም..." አለኝ በሹክሹክታ። "ግራው ይበራል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሽቦው እንደተቆረጠ ነው።

መብራቱ ግን በርቷል... መግል የመሰለ ቢጫ።

ባትሪውን ፈታሁት።

አሁንም በርቷል።

የመብራቱ መስታወት ተሰንጥቆ ከውስጥ ረጥቧል። በካቻቢቴ ስከፍተው ሞቅ ያለ ግማት ፊቴን መታኝ። ፀሐይ ላይ የዋለ ሥጋ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ከኋላ ከተጫነው ትኩስ ዳቦ ሽታ ጋር ተቀላቅሏል።

ጣቴ ለስላሳና የሚያጣብቅ ነገር ውስጥ ገባ። ሽበት ፀጉር ተጠምጥሞበታል።

"ምን መትተህ ነው?"

"ውሻ። ትናንት በጭጋጉ ድንገት ገባብኝ... አንስቼ ገደል ጣልኩት።"

አንድ ጠንካራ ነገር መዳፌ ላይ ቀረ። ጥፍር ነው። ግማሹ ቀይ።

"ውሻ ጥፍሩን ይቀባል?"

አፌን በመዳፉ ከደነው።

"ዝም በል... የቆረጥከው አንተ ነህ። አብረን ነው ወህኒ የምንወርደው።"

የጋራዡ በር ተንኳኳ።

የእማማ መብራት ልጅ ነበረች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

"ወንድሜ፣ እናቴን አይተሃታል? ትናንት ለሥራ እንደወጣች አልተመለሰችም።"

ጥፍሩ ጭብጤ ውስጥ ነበር። እርጥቡ በጣቶቼ መሃል ሲወርድ ይሰማኛል።

"አላየሁም፣ እህቴ" አልኳት።

ስትሄድ ጥፍሩን ቦይ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ግማት ሁሉ ይበልጥ የተጸየፍኩት ራሴን ነው። ጥግ ሄጄ አስታወክሁ። እጄን በሳሙና፣ ቀጥሎም በቤንዚን አጠብኩት። አልለቅ አለኝ።

አርብ ጠዋት በራሴ መኪና ወደ ሥራ ስሄድ ጭጋጉ ከሌላው ቀን ሁሉ የከበደ ነበር። የእኔን የቀን መብራት የቆረጥኩት ከዓመት በፊት፣ በገዛ እጄ ነው።

መንገዱ ዳር አንድ ሰው ቆሟል... መጥረጊያ ብብቱ ሥር ሸጉጧል።

እጁን ወደ እኔ አነሳ።

ከፈት... ዘጋ።

ከፈት... ዘጋ።

አራቱ ጥፍሮች ቀይ ናቸው። አምስተኛው ጣት ላይ ጥፍር የለም፤ የሚያዥ ሥጋ ብቻ።

ከመኪናዬ ፊት ያለው ጭጋግ በግራ በኩል ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ።