ከበቆሎው ሥር

«አሁን ፍየል አይገባም» አለች ብኸይታ፣ የመጨረሻውን የእሾህ ቅርንጫፍ አጥሩ ላይ እየሰካች። ጣቶቿ ተቧጭረው ደምተዋል። ሀዊ ቅርንጫፉን ታቀብላታለች፤ ቀና ብላ ግን ልታያት አልቻለችም።

ፍየል አልገባም ነበር።

ሁለቱ የሰባተኛ ክፍል ልጆች በአሶሳው ትምህርት ቤታቸው ጓሮ አንድ መደብ ይጋራሉ። ሀዊን አባቷ አሶሳን ዋና ከተማው ያደረገው አዲሱ ክልል ሲቋቋም እዚህ ቢሮ ተመድቦ ከወለጋ ነው ያመጣት። ብኸይታ የዚያው የአሶሳ የበርታ ልጅ ናት። በቆሎውን አብረው ዘሩ። ከዚያ ብኸይታ እንደ እናቷ ጓሮ፣ መሃል መሃሉን አደንጓሬና ዱባ ጨመረችበት። አደንጓሬው አገዳው ላይ ይጠመጠም፣ ዱባውም መሬት ለመሬት ይሳብ ጀመር።

የሌሎቹ መደብ በመስመር የተሰለፈ በቆሎ ብቻ ነበር። ዲሳሳ የሚባለው የክፍላቸው ልጅ «የናንተማ ጫካ ነው!» ብሎ ሲስቅ ሀዊ አፈረች። እናም ብኸይታ እናቷ ታማባት ከትምህርት በቀረችበት ቀን፣ ሀዊ ነገ መምህሩ ነጥብ ይሰጣሉ ብላ፣ ከበቆሎው በቀር ያለውን ነቃቅላ ጣለችው። በማግስቱ ብኸይታ ክው ብላ ስትቆም «ፍየል ገብቶ ነው» የሚለው ቃል ከሀዊ አፍ አመለጠ። ብኸይታም ከዚያ ቀን ጀምሮ እሾህ ስትቆርጥ ሰነበተች።

ዝናቡ ከጠፋ ዐሥር ቀን ሆኖታል። የበቆሎው ቅጠል ተጠቅልሏል። የእርሻ መምህራቸው ሞላ መጥተው መደቡ ጥግ ቁጢጥ አሉ፤ እዚያ ሀዊ ስትነቅል ሳታየው የቀረ አንድ ዱባ ነበር። ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አፈሩን በጣታቸው ጫሩት።

«እዩ፣ ከሥሩ ገና እርጥብ ነው። መሬቱን አልብሶት ነበር። ማን አስተማረሽ?» አሉ ወደ ብኸይታ ዞረው።

«እናቴ ነው» አለች ብኸይታ። «ዘሩንም እሱ ነው የሰጠኝ። ያለውን ሁሉ ሰጠኝ፤ ቤት ምንም አልቀረም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሀዊ በአማርኛዋ «ለእናት ‹እሷ› ነው የሚባለው!» ብላ ትስቅባት ነበር። ዛሬ ግን ያሰበችው ነቅላ የጣለችውን ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ መለያያው ላይ ደረሱ። ሀዊ አልታጠፈችም።

«ቤትሽ በዚያ አይደል?»

«ነው። እናትሽ ተሻላት?»

«አዎ፣ ዛሬ ተነስቷል።»

«አብሬሽ ልምጣ።» አለች ሀዊ። «ብኸይታ፣ ፍየል አልገባም። እኔ ነኝ የነቀልኩት። ለእናትሽም ራሴ ልንገራት።»

ብኸይታ ቆመች፤ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ዞራ መንገዷን ቀጠለች።

ሀዊ ጥቂት ጠበቀችና፣ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ተከተለቻት።