አንሴልም ያልለጠፉት ቴምብር

ሽማግሌው ሙሴ አንሴልም በሩዋያን ከተማ፣ በባሕሩ ዳርቻ በተሠራው አዲስ ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በጋዝ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በማግሥቱ «ወደ ሚስቴ ወደ ማድሌን ሄድኩ፤ ይቅር በሉኝ» የሚል ደብዳቤያቸው ለእህታቸው ለማዳም ኦዴት በፖስታ ደረሰ። ፖሊሶቹ ግን አልዋጥላቸው አለ፤ የሟቹ ቀኝ እጅ ከሁለት ዓመት ወዲህ ማንኪያ እንኳ አይዝም። «ጽሑፉን አስመስሎ የጻፈው ጋስቶን ነው» ብለው የሟቹን የወንድም ልጅ አሰሩት። ጋስቶን ጦርነቱ ካለቀ ጀምሮ አራት ልጆች ይዞ ቤታቸው ለፈረሰባቸው በተሠራው የእንጨት ሰፈር ይኖራል፤ የአጎቱን ቤት መመኘቱን የሩዋያን ሰው ሁሉ ያውቃል። ከተፈረደበት አንገቱ መቀላቱ ነው።

ኢንስፔክተር ፔሊሱ ፖስታውን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ሄደ። ቴምብሩ ላይ በጦርነቱ በቦምብ ፈርሳ እንደ አዲስ የተሠራችው ከተማቸው ታትማለች።

«እሳቸው? ይህን?» አለች ቴምብር ሻጯ ቤርት። «ዘንድሮ ሲወጣ ‹ያምራል› ብላቸው፣ ‹ሚስቴና ልጄ ከዚህ ሕንጻ ሥር ተቀብረው ቀርተዋል። ልላሳቸው ነው?› ብለው ጮኹብኝ። ሌላ ቴምብር ፈልጌ ሰጠኋቸው።»

በማግሥቱ ፔሊሱ እስረኛውን ጋስቶንን ጨምሮ ቤተሰቡን ማዳም ኦዴት ቤት ሰበሰበ። አሮጊቷ መሐረብ ሊያወጡ ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱ ከአንሶላዎቹ መሐል የፖም ሽታ ወጣ። ፔሊሱ ደብዳቤውን አውጥቶ አሸተተ።

«ጽሑፉ የሟቹ የራሳቸው ነው» ብሎ ጀመረ። «እጃቸው ደኅና ሳለ የጻፉት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው አሮጌ ነው። ቴምብሩ ግን የዘንድሮ ነው፤ እሳቸውም አይነኩትም። አስቀምጦት የኖረ ሰው ነው የላከው። ወረቀቱ ደግሞ ፖም ፖም ይሸታል።»

«አክስቴ?» አለ ጋስቶን።

«ከቦምቡ በኋላ የጻፈው ነው» አሉ ማዳም ኦዴት። «ያኔ ቀምቼው ደበቅኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹ልሂድ› እያለ ለመነኝ። ቀኝ እጁ ከከዳው ወዲህማ ጠንካራውን የጋዝ ቁልፍ በግራው ማዞር አቃተው። በመጨረሻ... አዞርኩለት። ደብዳቤውን ለራሴ የላክሁት ማንም እንዳይጠረጠር ብዬ ነበር። ቴምብሩን ልብ አላልኩትም።»

«እኔን ሲያስሩኝስ?»

«‹እኔ ነኝ› ልል ሁለት ቀን ሙሉ አፌን ከፈትኩ። ፈራሁ፣ ልጄ። አልወጣልኝ አለ።»

ፔሊሱ የጋስቶንን ካቴና ፈታ። ሕጉ ምን እንደሚለው ያውቃል፤ ካቴናውን ግን ኪሱ ከተተው። ማዳም ኦዴት ኮታቸውን ራሳቸው ለብሰው አብረውት ሊሄዱ በሩን ከፈቱለት።