የላይኛው ከረጢት

«ኢቲሳም! ከረጢቱን ማን ፈታው?»

አባቷ ኸሚስ ከሱብሒ ሶላት መመለሱ ነበር። ኢቲሳም መሰላል ላይ ቆማለች፤ የከረጢቱን ስፌት የፈታችበትን ቢላዋ ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም።

«እኔ ነኝ» አለች።

መሰላሉ የተደገፈባት ላሞቹ ከመታለባቸው በፊት ተራ የሚጠብቁባት ጠባብ በረት ናት። ኅዳር ሲገባ ኸሚስ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የማዳበሪያ ከረጢት እየሰፋ፣ ዙሪያዋን ከመሬት እስከ ቆርቆሮው ጥርቅም አድርጎ ይደፍናታል። ለእሱ ንፋስ ማለት ሞት ነው። አምና ኢቲሳም በሩን መዝጋት ረስታ ጥጃ በብርድ ሞተችባቸው። ማንም አልተቆጣትም፤ እሷን ግን እስካሁን ያንገበግባታል።

ዘንድሮ በሩ በደንብ ተዘግቶም ቦራ የምትባለዋ ላም ሳል ያዛት። የከብት ሐኪም ሁለት ጊዜ መርፌ ወጋት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሜዳ ስትወጣ ይሻላታል፣ በረቷ ውስጥ ስትቆም ይብስባታል። ኢቲሳም ይህን ሳምንት ሙሉ ስታስተውል ሰነበተች። ሦስት ጊዜ ለአባቷ ነገረችው፤ ሦስት ጊዜ «ተይኝ እስቲ» አላት።

«መልሰሽ ስፊው» አለ አሁንም።

«እሺ። መጀመሪያ ግን ያልፈታሁት ጥግ ሄደን እንቁም። ላሞቹ የሚቆሙትን ያህል።»

«ትቀልጃለሽ?»

«ወላሂ አልቀለድኩም፣ አባ።»

ገብተው ከስድስቱ ላሞች መሀል ቆሙ። ከቆርቆሮው የላሞቹ ትንፋሽ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ ይላል። የሽንቱ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያቃጥላል። ብዙም ሳይቆይ ኸሚስ ዓይኑን በኩታው ጫፍ ጠረገ። ኢቲሳምም እያነባች ነበር፤ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«በቃ፣ እንውጣ» አለ።

«እነሱ እኮ ገና ናቸው።»

ኸሚስ የቦራን ጀርባ ዳሰሰ። እጁ ረጥቦ ተመለሰ።

«አንዷ ብትሞትብንስ?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት እላለሁ። የታችኛውን ከረጢት አልነካሁም፣ አባ። ንፋሱ ከላያቸው ያልፋል እንጂ አያገኛቸውም።»

«ክረምት ሲገባስ?»

«ዝናቡ በሚመታን በኩል ብቻ እንጋርዳለን። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲጠና ደግሞ የታችኛውንም እፈታዋለሁ።»

«አንቺ ግንቦትንም ከአሁኑ አቅደሽ ጨርሰሻል!» አለ፤ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ወደ ማለቢያው ሄደ። ስፊው አላላትም፤ ተይውም አላላትም።

ከአምባሰል ተራራ በኩል ቀዝቃዛ ንፋስ መጣ። ቦራ ሳለች። የኢቲሳም እጅ ሳታስበው ከረጢት ወደሚሰፋበት ወስፌ ሄደ። ያቺ የአምና ጥጃ ዓይኗ ላይ ድቅን አለችባት።

መልሳ ግን አልሰፋችም። ወስፌውን ኪሷ ከተተችና መሰላሉን ሳይፈታ ወደቀረው ጥግ አዞረችው።