የጋሽ ጓንጉል ምስማር

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ተረት የፈለገ ሌላ ቻናል ይሂድ።

የነገረኝ ራሱ ጥበቡ ነው። የዲላ ልጆች «ጥበቡማ ይዋሻል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ይዋሻል። ግን ውሸታም ሰው ራሱን የሚያዋርድ ውሸት ፈጥሮ አያወራም።

ጊዜው ባለፈው ክረምት ነው፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። ቦታው ዲላ አጠገብ ጪጩ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ እንሰት የከበበው ቤት።

ጥበቡ ነርስ ነው። «ዶክተር» ካላላችሁት ግን ፊቱ ይጠቁራል። ሆስፒታል አልጋ ሲጠፋ፣ በደም ስር የሚሰጠውን መድኃኒት ቤታቸው ሆነው እንዲጨርሱ የሚላኩ ሕመምተኞች አሉ። እየዞረ የሚሰጣቸው እሱ ነው። እንደሱ ሰው የሚንቅ ፍጡር በዓይኔ አላየሁም። ደሀ ቤት ሲገባ አፍንጫውን ይይዛል፣ ቡና ሲቀርብለት ስኒውን ገልብጦ ያያል። እሱ ማን ሆኖ ነው?

ያን ቀን የሄደው እትዬ የትምወርቅ ዘንድ ነበር። እግራቸው እስከ አጥንቱ አመርቅዞ፣ ከሆስፒታል የወጡት ገና በዚያው ሳምንት ነው። መድኃኒታቸው የዋዛ አይደለም። ሐኪሙ ለልጃቸው ለራሄል ደጋግሞ ነግሯታል።

«በቀስታ ይንጠብጠብ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ከገባ ልባቸውን ሊያቆመው ይችላል።»

ጥበቡ ይሄን አሳምሮ ያውቃል። አርብ ዕለት መድኃኒቱን ሲያስሮጠው የሴትዮዋ አንገት በርበሬ መስሎ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። «ሙቀት ነው» ብሎ ሄደ። ቅዳሜ ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ኳስ አለ።

ኳስ! ሰው ሊሞት፣ እሱ ኳስ!

ሲገባ መብራት የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አርብ ዕለት መድኃኒቱ ያለበትን ጉሉኮስ ራሄል በእጇ ይዛ ነበር የቆመችው። ዛሬ ግን እጇ አልነሳ ብሏታል።

ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር አንድ ብቻ ነው። እሱም የሟች አባቷን፣ የጋሽ ጓንጉልን ፎቶ ይዟል። ጋሽ ጓንጉል ዕድሜ ልካቸውን መምህር ነበሩ። ቁመታቸው በር የማያስገባ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

«አውርጂው።»

«የአባዬ ነው እኮ ዶክተር... ከሞተ ጀምሮ ወርዶ አያውቅም።»

«ለሞተ ሰው ምስማር ምን ያደርግለታል?»

ራሱ አወረደው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ጉሉኮሱን ሰቀለ። ከእትዬ የትምወርቅ እጅ ጋር አገናኘው። ከዚያ ቱቦው ላይ ያለችውን ማጥበቂያ ለቀቃት። ጠብታው ተንደረደረ።

«ቀስ አይልም?» አለች ራሄል፣ በሹክሹክታ።

«የተማርኩት እኔ ነኝ አንቺ?»

የቡድኑን አሰላለፍ ለማየት ስልኩን አወጣ። ቀና ሲል...

ጠብታው ቀስ ብሏል።

ጠብ...

ጠብ...

ራሄልን ገላመጣት። እሷ በሩ ጋ ሻማ ይዛ ቆማለች።

«ነክተሽዋል?»

«ወላዲቷን! አልነካሁም!»

እንደገና ለቀቃት። ዞር ብሎ ሳይጨርስ እንደገና ጠበቀች።

አሁን ተናደደ። ማጥበቂያዋን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ወደ ላይ፣ ወደ መክፈቻዋ ገፋትና እዚያው ይዟት ቆመ። ይሄኔ አንድ ነገር አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ቀዝቃዛ ነው። አልቆነጠጠውም፣ አልመታውም። ልጅ እርሳስ አያያዝ እንደሚያስተምር ሰው፣ ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደ ታች መለሰው።

ጠብ...

እጁን ነጥቆ አየው። አውራ ጣቱ ነጭ ሆኗል። ጠመኔ ነው።

«ማነው እዚህ ቤት ያለው?»

«እኔና እማዬ ብቻ...»

ሰው ቢሆን እዚህ ጋ አደብ ይገዛ ነበር። ጥበቡ ግን ምን አደረገ? ሰዓቱን አየ! እልሁ አልለቀቀውም። ማጥበቂያዋን እስከ መጨረሻዋ ከፈታትና ጀርባውን ሰጥቶ ቦርሳውን አነሳ።

«ሲያልቅ ራስሽ ንቀዪው» አላት።

ሁለት እርምጃ እንደሄደ ጫማው ስር የሆነ ነገር ወጋው። ጎንበስ ብሎ አነሳው።

ምስማሩ ነው። የግድግዳው ጭቃ ገና አልረገፈለትም።

ታዲያ ጉሉኮሱ ሲወድቅ ለምን አልሰማም?

ከኋላው እስካሁን ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙት እትዬ የትምወርቅ ተናገሩ። ድምፃቸው ደከም ያለ፣ ግን የተረጋጋ ነበር።

«ራሄልዬ... ወንበር አምጪ። እጁ ዝሏል።»

«አልቀመጥም እማማ፣ ልሄድ ነው» አለ ጥበቡ፣ ሳይዞር።

«ላንተ አይደለም ልጄ።»

ዞረ።

ጉሉኮሱ አልወደቀም። ከግድግዳው ርቆ፣ አልጋው ራስጌ፣ ጣሪያው ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አየር ላይ አለ። የያዘው ነገር የለም። ብዙ እንደቆመ ሰው ክንድ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ጠብ...

ጠብ...

ራሄል ሻማውን አስቀመጠች። አልጮኸችም። እንባዋ እየወረደ ወንበሩን ጎትታ አልጋው ራስጌ አስጠጋችው።

ጉሉኮሱ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

ባዶው ወንበር ሲጢጥ አለ።