ሶኬት የማይለምነው ሰው

«ኮረንቲ ነው» አሉ ኮማንደር ፍቃዱ፣ ገና የፎቶ ቤቱን ደጃፍ ሳያልፉ።

እውነቱን ለመናገር ማንም ቢሆን እንደዚያ ይል ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው አሞጽ በጀርባው ተዘርሯል። የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ከጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፤ ቀኝ እጁ ሽፋኑ የተላጠ የላፕቶፕ ቻርጀር ገመድ ጨብጧል። ቻርጀሩ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ነው። ትናንት ሲመሻሽ ደግሞ ጠፍቶ የሰነበተው መብራት መጥቶ ነበር። መብራት ሲመጣ ቦንጋ ምን እንደምትሆን ለቦንጋ ሰው አይነገርም፤ ወጥ የሚያማስለው ማማሰያውን፣ የሚጸልየው ጸሎቱን ጥሎ ወደ ሶኬት ይሮጣል። ተመልሶ ሳይጠፋ ስልክ መሞላት አለበት።

«ላፕቶፑን ሊሰካ ሮጠ፣ ኮረንቲው ወረወረው፣ በቃ» አሉ ኮማንደሩ። «ዛሬውኑ ይቀበር።»

«አይቀበርም!»

የሟቹ ታናሽ እህት ሃሌሉያ ናት። በሩ ላይ ቆማለች፤ አታለቅስም። «ወንድሜ እንደ ሕፃን ገመድ ጨብጦ አልሞተም። እንደዚያ እየተባለ አፈር አይለብስም። መቅበር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ!»

ኮማንደሩ «አረጋጊያት እንጂ» በሚል ዓይን ኢንስፔክተር በዛወርቅን ተመለከቷት። በዛወርቅ ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰጣት ጆሮዋ የሚደፈን ሴት ናት። ተንበርክካ፣ ከሶኬት የነቀለችውን ጡብ የሚያክል ቻርጀር ታገላብጣለች።

«እስከ ከሰዓት ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

«ምን ልታገኚ?»

«ካወቅሁትማ ለምን እጠይቅዎታለሁ?»

ሬሳውን ያየው ሐኪም ብዙም አልረዳትም። «እጁ ላይ ያለው ቃጠሎ ትንሽ ነው። የገደለው የጭንቅላቱ ምት ነው። ኮረንቲ ወርውሮት ይሁን ሰው ገፍትሮት ግን ቁስሉ አይናገርም» አላት።

መጀመሪያ የጠየቀችው ይዲድያን ነው። ፎቶ ቤቱን ከአሞጽ ጋር ተጋርቶ ይሠራል፤ ከሥራ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ በጌም ይጨርሳል። ጠዋት ሬሳውን አግኝቶ ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው።

«ይህ ቻርጀር የማን ነው?»

ይዲድያ ፊቱ አመድ መሰለ። «የኔ። ስለሚከብደኝ እዚሁ ትቼው ነው የምሄደው። ገመዱ ተልጦ በፕላስተር ጠቅልዬው ነበር፤ አሁን ፕላስተሩ የለም። ግን አልገደልኩትም!»

«ገደልክ ያለህ ማን አለ? አሞጽ ባንተ ቻርጀር ይጠቀም ነበር?»

«ኧረ እሱ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቷል። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅንበት! እኔ ለጌም የሚሆነውን ጉልበተኛውን ግዛ አልኩት፤ ፎቶም ያቀላጥፍልሃል አልኩት። እሱ ደግሞ ያንተ ማሽን ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ይሞታል አለኝ። ውሸት አይደለም። ‹ዛሬ ቢታ ገነት፣ ነገ ዋጫ ሰርግ አለብኝ። ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ፎቶዬን ላስተካክል እፈልጋለሁ። ጌሙን ጥራቱን ዝቅ አድርጌ እጫወተዋለሁ፤ ሶኬት እየለመንኩ ግን አልኖርም› አለ። ቀለል ያለውን፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ የሚያቆየውን ገዛ። ተኳርፈን ነበር።»

«በላፕቶፕ?»

«በላፕቶፕ» አለና ማልቀስ ጀመረ።

የአሞጽ እጮኛ ብርቅዬ መምህርት ናት። እሷም ሰሞኑን ከእሱ ጋር ተጣልታ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያወራል።

«አዎ፣ ተጣልተናል» አለች ሳትሸፋፍን። «ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነህ ብዬው ነው። ላፕቶፑን ግን አብረን ነው የመረጥነው፤ ስክሪኑ ቀለም እንዳይዋሽ እያልኩ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።» ከቦርሳዋ ቀጭን ቻርጀር አወጣች። «ይኸው የሱ ቻርጀር። እኔ ዘንድ ረስቶት ሄደ። ላምጣልህ ወይ ብዬ ብደውል ‹ተይው፣ ይበቃኛል› አለኝ።»

በዛወርቅ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ የቆየውን የአሞጽን ላፕቶፕ አስከፈተቻት። ባትሪው ገና ከግማሽ በላይ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ የጫካ ቡና፣ የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ቀፎ የተሰቀለበት ትልቅ ዛፍ።

«ይህን ዛፍ ከፎቶው ላይ እንዲያጠፋለት አንድ ሰው እየወተወተው ነበር» አለች ብርቅዬ። «ፎቶውን ለድንበር ክርክር ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ነው መሰለኝ። ስሙን አልነገረኝም። ‹ፊት አሳምራለሁ እንጂ ዛፍ አልሰርቅም› እያለ ይስቅ ነበር።»

በመጨረሻ የግቢውን ባለቤት ጋሽ ቢሻውን አነጋገረች። ሰው የሚያከብራቸው፣ ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው። እንባቸው ቅርብ ነው።

«‹መብራት መጣ› ሲባል በመስኮቱ አየሁት፣ ልጄ። ያቺን ትልቋን ቻርጀር ይዞ ላፕቶፑን ሊሰካ ሲሮጥ። ተጠንቀቅ ልለው ብዬ…» በኮታቸው እጅጌ እንባቸውን ጠረጉ።

«ያሳዝናል። የጫካ ቡና አለዎት፣ ጋሼ?»

«ካፋ ውስጥ የሌለው ማን አለ?»

ከሰዓት በኋላ በዛወርቅ ሁሉንም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ደመናው ስለከበደ አምፖል በርቷል። «መጣሁ» ብላ እንደወጣች መብራቱ ድርግም አለ። ኮማንደሩ አጉረመረሙ። ጥቂት ቆይቶ አምፖሉ በራ፤ ይዲድያ «መጣ!» ብሎ ብድግ አለ። ስልኩን ሶኬት ውስጥ ሲሰካ ኮማንደሩ የራሳቸውን ቻርጀር ይዘው ከኋላው ደርሰዋል። ጋሽ ቢሻውም ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተዋል።

በዛወርቅ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። «ይቅርታ፣ ቆጣሪውን ያጠፋሁትም ያበራሁትም እኔ ነኝ። ሁላችንም እንዲህ ነን። ስለዚህ ‹አሞጽ መብራት ሲመጣ ሊሰካ ሮጠ› ሲባል ማንም አልጠየቀም። አሞጽ ግን ያን ላፕቶፕ የገዛው እንዲህ ላለመሮጥ ነው። ቻርጀሩን ረስቶ እንኳ ግድ አልሰጠውም። ባትሪው ከግማሽ በላይ ሞልቶ ሳለ ምን አስሮጠው?»

«ልማድ ይሆናል» አሉ ኮማንደሩ።

«እሺ፣ ልማድ ነው እንበል። በዚህ ይሰካል?» ትልቁን ቻርጀር አንስታ ጫፉን ከላፕቶፑ ቀዳዳ ጋር አጋጠመችው። አልገባም። «ይዲድያ ይህን ያውቃል። ደግሞም የራሱን ቻርጀር ሬሳ አስጨብጦ ፖሊስ አይጠራም። ብርቅዬም ታውቃለች፤ ትክክለኛው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ይህን ገመድ ያስጨበጠው ሰው ቻርጀር ሁሉ አንድ ይመስለዋል። እዚህ ቤት ያገኘው ይህን ብቻ ነው፤ ፕላስተሩን ላጠ፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ የሞተ እጅ አስጨበጠው፤ ትንሹ ቃጠሎ ከዚያ ነው። አሞጽ ያላደረገውን ‹ሲያደርግ አየሁት› ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ ቢሻው ዞረ።

«ዓይኔ ደክሟል… ተሳስቼ ይሆናል።»

«ትልቋን ቻርጀር ለይቶ ያየ ዓይን ደክሟል?» ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረችው። «ይህን አጥር ለአካባቢው ሰዎች አሳየሁ። አጥሩ የእርስዎ ነው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ግን የእትዬ በላይነሽ ነው፤ ድንበራቸውን የሚመሰክርላቸውም እሱ ነው። አሞጽን ዛፉን አጥፋልኝ አሉት፤ እምቢ አለዎት።»

«አንድ ዛፍ!» ሽማግሌው ጮኹ፤ ለስላሳው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «አንድ ዛፍ አጥፋልኝ ነው ያልኩት! የሙሽራ ብጉር ሲያጠፋ አይውልም እንዴ? በቤቴ ተቀምጦ ሳቀብኝ! ገፋሁት… ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም።»

ለሞተ ሰው ልዩነቱ ምን እንደሆነ እንጃ። ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወጡ።

ኮማንደር ፍቃዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሃሌሉያ ቀረቡ። «ሪፖርቱን እናስተካክላለን፣ ልጄ። ‹በመገፋቱ ምክንያት በደረሰበት ጉዳት› ተብሎ…»

«እንደሱ አይባልም» አለች።

«ታዲያ ምን ይባል?»

«‹አልዋሽም በማለቱ ተገደለ› ተብሎ ይጻፍ።»

«እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም።»

«ይጻፋል! እስኪጻፍ አይቀበርም።»

በዛወርቅ እስክሪብቶዋን አውጥታ ቃል በቃል ጻፈችው። ኮማንደሩ ተቀብለው አነበቡት፤ እህቲቱን አዩ፤ ደግመው አነበቡት፤ ፈረሙበት። ሃሌሉያ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።