ጥላ ውስጥ የተውኩት እጅ

ማመን የማይፈልግ ይለፈው። እኔ ግን እመቤታችን ምስክሬ ናት፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ናፖሊ፤ ግማሹን ከተማ የፈጀው ወረርሽኝ ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ! ጨለማው የራሴ ሥራ ነበር።

ግድግዳውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ፣ መስኮቱን በሳንቃ ደፍኜ፣ ከላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትቻለሁ። ብርሃኑ በዚያ ወርዶ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ታናሽ እህቴ ሳቬሪያ ላይ ያርፋል... ግማሽ ፊቷ፣ ቀኝ እጇ፣ ጉልበቷ ላይ።

የቀረው ጨለማ ነው።

ሥዕል ያስተማረኝ የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕሎቹ ፊት ተገትሬ ነው የተማርኩት። ሸራውን አስቀድሜ ጥቁር ቡኒ እቀባና ብርሃን የነካውን ብቻ እሥላለሁ። ጥላ የዋጠውን አልነካውም። ሊቅ ነን ባዮቹ ሽፋሽፍት ሲቆጥሩ ይዋሉ!

"ፖርዚያ፣ ቅድስት ሉቺያን በኔ መልክ ልትሥዪ ነው ወይስ እኔን ልታጸድቂኝ?"

"አፍሽን ዝጊ። አገጭሽ ተነቃነቀ።"

"ግራ እጄ ደነዘዘ።"

"ይደንዝዝ። እሱን አልሥለውም።"

ዓይኗን ብቻ ወደ ግራ አዞረች። ከዚያ...

"ፖርዚ... እጄን አጣሁት።"

ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ! ጥላው ይበልጥ እንዲያስደነግጥ ብዬ ሸራው ላይ፣ ትከሻዋን በጥቁር ቀለም ደፈንኩት።

"ትከሻዬስ?" አለች በሹክሹክታ።

ድምጿ የቀልድ አልነበረም። ሄጄ እጄን ወደ ጨለማው ሰደድኩ። የወንበሩ መደገፊያ... እንጨት ብቻ። ቀዝቃዛ።

ሮጬ ሳንቃውን ገነጠልኩት። ፀሐይ ክፍሉን ሞላችው።

እሷ ላይ ያለው ጥላ ግን አልተነሳም።

ያ ሁሉ ብርሃን መሃል ግማሽ እህቴ ተቀምጣለች። በአንድ ዓይኗ ታየኛለች።

"መልሺኝ" አለች።

ብሩሽ አነሳሁ። ያጠፋኋትን ሥዬ እመልሳታለሁ! ከእጇ ልጀምር ስል... ትዝ አልለኝም። በየማለዳው ጸጉሬን የሚጎነጉን እጅ! ጣቶቹ ረጃጅም ነበሩ? ጠባሳውስ የት ነበር?

"ሳቬሪያ፣ ጠባሳሽ የቱ ጣትሽ ላይ ነው?"

"የምን ጠባሳ?"

በግምት ሣልኩ። ጉልበቷ ላይ ያረፉ አምስት ጣቶች።

"አሁንስ? ተሰማሽ?"

"አዎ..." ትንፋሿ ተቆራረጠ። "ግን የኔ እጅ አይደለም። አንገቴን ይዞኛል..."

ቀና አልኩ። አምስት ጣቶች ከጥላው ወጥተው ጉሮሮዋ ላይ ተጠምጥመዋል። ቀለማቸው ገና አልደረቀም። ሸራውን አየሁ... እዚያም ከጉልበቷ ተነስተው አንገቷ ላይ ደርሰዋል።

ጨርቅ አነሳሁ። ግን ጣቶቹን ብጠርግ አንገቷም አብሮ ይጠረጋል።

ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከጣቶቹ ኋላ፣ ቀስ እያለ፣ ክንድ ከጥላው ይወጣ ጀመር...

እኔ ክንድ አልሣልኩም።