ከሳይክሉ አጠገብ ያለው ወንበር

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ተኝቶ ነበር።

የሥራ ቱታውን እንደለበሰ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ከሳይክሉ አጠገብ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። ሳይክሉ ላይ ያሉት አባቱ ናቸው። ፊታቸው ላይ የትንፋሽ መለኪያ ጭንብል፣ ደረታቸው ላይ ሽቦዎች ተገጥመውላቸው፣ ከቦታው ንቅንቅ የማይለውን ሳይክል ቀስ እያሉ ይረግጣሉ።

እሷ ተመራማሪ ናት። በሆስፒታሉ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ፣ የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ልካቸውን ጠብቀው አዘውትረው ቢንቀሳቀሱ ትንፋሻቸውና ጉልበታቸው ይሻሻል እንደሆነ ታጠናለች። በሽታው ታክመው የሚገላገሉት ዓይነት አይደለም፤ አብረውት ይኖራሉ እንጂ። የእሷ ጥያቄ አብሮ መኖሩ እንዴት ይቅለል የሚል ነበር።

«አባባ፣ አሁን ድካምዎ ከአስር ስንት ይሆናል?» አለቻቸው።

በጭንብሉ ምክንያት መናገር ስለማይችሉ ሦስት ጣታቸውን አወጡ። ቀጥለው በአገጫቸው ወደ ልጃቸው ጠቆሙና አስሩንም ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩዋት።

ሳቋ አመለጣት። ሰውየው በሳቋ ብንን ብሎ ተነሣ።

«አባዬ! ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆኑም። ይተኙ፤ ግድ የለም» አለችው።

ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ አያት። «ይቅርታ፤ እዚህ ስመጣ እንቅልፍ ይጥለኛል። ቤት አባዬ ሲተነፍስ እያዳመጥኩ ነው የማድረው። እዚህ ግን የሚያዳምጥልኝ ሌላ ሰው አለ።»

ሄዳ ፊቱ ላይ ያረፈውን ፀሐይ በመጋረጃው ከለለችለት።

ቀጠሮው በየሳምንቱ ስለነበር መተዋወቅ አልቀረም። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ የነዱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ሁልጊዜ «ይቀንሱ፣ ትንሽ ይጨምሩ፣ ይቁሙ» ስለምትላቸው «ትራፊኳ» የሚል ስም አወጡላት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ትራፊክ በስተርጅና ያዘኝ» ይላሉ።

ልጃቸው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቤታቸው ግን ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «የሰውን ሁሉ ሊፍት እየጠገነ እኔን በደረጃ ይጎትተኛል» እያሉ ያሙታል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ምግብ የሚሠራው፣ መድኃኒት የሚያስታውሰው፣ ጠዋት ጠዋት እግራቸውን በጣቱ ጫን እያደረገ ማበጥ አለማበጡን የሚያየው እሱ ነው። ከዚያ ወደ ሥራው ይሮጣል።

አባትየው ልብስ እስኪቀይሩ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ይቆማሉ። መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ልብ ምት ነበር። ቆይቶ ስለ ሥራ፣ ቆይቶ ደግሞ እንዲያው ስለ ምንም። «እርስዎ» ሳይታወቃቸው «አንተ»ና «አንቺ» ሆነ።

«አንቺንስ ማን ነው "ስንት ደከመሽ?" ብሎ የሚጠይቅሽ?» አላት አንድ ቀን።

ማንም ጠይቋት አያውቅም። ቀና ብላ አየችው። እሱም ዓይኑን አልነቀለም። አባትየው በሩን ከፈት አድርገው አዩዋቸውና መልሰው ዘጉት።

እሱ የማያውቀው ነገር ነበር። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ አለባት። በየቀኑ ጣቷን ወግታ ደሟን ትለካለች፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሳትበላ ከቆየች ወይም ከአቅሟ በላይ ከሠራች ስኳሯ ይወርድና ላብ ያጠምቃታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ወደዚህ ሙያ የገባችውም በዚሁ ሰበብ ነው።

ልትነግረው ቆርጣ በመጣችበት ቀን እሱ ድካሙ ከወትሮው ብሶበት መጣ። አባቱ ሳምንቱን ሙሉ እግራቸው አብጦ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ትራስ ተደራርቦላቸው ነው የሰነበቱት። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ምን እንደሚያምረኝ ታውቂያለሽ?» አላት ዓይኑን ጨፍኖ። «መድኃኒት መድኃኒት የማይሸት ቤት መግባት። "አሁንስ እንዴት ነህ?" የማይባልበት ቤት። በሽታ የሚባል ነገር ሰለቸኝ።»

ኪሷ ውስጥ የደም ስኳር መለኪያዋን እንደጨበጠች ቀረች።

«እውነትህን ነው» ብቻ አለችው።

አመሻሹ ላይ ስለ እሱና ልትነግረው ስላልቻለችው ነገር ለእናቷ አወራቻቸው። እናትየው ልብስ እያጣጠፉ ነበር።

«ምን አስቸኮለሽ? ከተጋባችሁ በኋላ ይደርሳል» አሉ። «ያኔ ምን ይላል? አፉን ይይዛል።»

«አፉን እንዲይዝ አይደለም የምፈልገው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትዪው?»

«አንድ በሽተኛ ይበቃዋል።»

«እኔ በሽተኛ አልወለድኩም!» ብለው ልብሱን ወረወሩት። ተቆጥተው ነበር፤ ድምፃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

በማግስቱ የሽማግሌውን ክትትል ለሥራ ባልደረባዋ አስረከበች። እሷ ፎቅ ላይ ካለችው ጠባብ ቢሮ ሆና የሌሎችን ልብ ምት ኮምፒውተር ላይ መደርደር ያዘች። ሲደውልላት «ሥራ በዝቶብኛል» ትለዋለች። ደጋግሞ ከደወለ በኋላ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዛት።

«ግሪስ ግሪስ ስለምሸት ነው? ንገሪኝና ልረፈው።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እሱ ትንሽ ጠበቃት፤ የበለጠ ለመጠበቅም ጉልበት ያለው አይመስልም ነበር። ቱታው ላይ ያለውን ቅባት በመዳፉ ጠረግ አድርጎ «እሺ» አለና ወረደ። እሷ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። ልክ የሠራች መስሏት ነበር፤ ልክ የሠራ ሰው ግን የሚወርድ ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አያዳምጥም።

ከዚያ ወዲህ ቀኖቹ አንድ ዓይነት ሆኑባት። ጠዋት ስትነሣ እንደደከማት ትነሣለች። ስለ ድካም ስታጠና የኖረችው ሴት ይኼኛውን በምን መሣሪያ እንደምትለካው አጣች።

አንድ ረፋድ የቢሮዋ በር ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው። ደረጃውን እያረፉ፣ እያረፉ ወጥተው በሩን ተደግፈው ያለከልካሉ።

«አባባ! ብቻዎን? ምን ነካዎት?» ብላ ወንበር ሰጠቻቸው።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ጀመሩ። «ሳይክሉ ፊት ለፊት መስታወት አለ አይደል? የሹፌር ዓመል አለቀቀኝም፤ ከኋላዬ ያለውን ሁሉ አያለሁ። ጣትሽን ስትወጊ ስንቴ አይቼሻለሁ።»

ደነገጠች። «ነግረውታል?»

«የራስሽ ጉዳይ አይደል እንዴ? እኔ ምን ቤት ነኝ።» ጉልበታቸውን አሻሹ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ክረምት መድኃኒቴን ትቼ ነበር። ሆን ብዬ። ልጁ ይረፍ፣ የራሱን ኑሮ ይኑር ብዬ። ሲደርስብኝ ምን ያደረገ ይመስልሻል? እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። "መቼ ጠየቅከኝ?" አለኝ። "ደክሞኛል እንጂ ይሙት ያልኩት መቼ ነው?" አለኝ።»

ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «አንቺም አልጠየቅሽውም፣ ልጄ።»

ወርዳ ልጃቸውን ግቢው በር ላይ መኪናውን አቁሞ አባቱን ሲፈልግ አገኘችው። ፎቅ ላይ ደኅና ተቀምጠው እንዳሉ ነገረችው። ከዚያ ሳታመነታ፣ ቆማ፣ ሁሉንም ተናገረች። በየቀኑ እንደምትወጋ፣ አንዳንዴ ስኳሯ ድንገት እንደሚወርድ፣ ዕድሜ ልክ መሆኑን፣ ያን ቀን የተናገረው ቃል እንዳስፈራት።

መኪናውን ተደግፎ ሰማት።

«ሰልችቶኛል ያልኩት እውነቴን ነው» አለ ስትጨርስ። «ዛሬም ሰልችቶኛል።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን "ግድ የለም" ብልሽ ውሸቴን ነው የሚሆነው። ላስብበት።»

«አስብበት» አለችው። ቀና ብላ ሄደች፤ ያለቀሰችው ማታ ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው። ቢሆንም ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ክብደት በመጠኑ ቀለላት። አሁን የሚመልሰው እሱ ነው።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ስልክ የለም። እናቷ ምንም ሳይጠይቁ ሻይዋን ያለ ስኳር እያመጡ አጠገቧ ያስቀምጣሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መሣሪያዎቹን እያጸዳች ሳለ መጣ። ፂሙን ተላጭቷል፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ እንዳጣ ነው።

«ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አይደል?» አላት ሰላም እንኳ ሳይላት።

«ያልተከፈተው፣ አዎ። ለምን?»

«የኛ ፍሪጅ በሩ አልገጥም ብሎ ስንት ጊዜው ነው። ቀዝቃዛው ሁሉ ያመልጣል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሠርቼው ነው የመጣሁት።»

በእጇ የያዘችው ጨርቅ ወደቀ። እሱ አላነሣላትም፤ እጇን ነው የያዘው።

«ስኳርሽ ሲወርድ ምን እንደማደርግ አስተምሪኝ» አላት። «ሌላውን እየደከመንም ቢሆን እንደርስበታለን።»

በዓመቱ መጨረሻ ጥናቱ አለቀ። ተአምር አልተገኘም። አዘውትረው የተንቀሳቀሱት ሰዎች ትንፋሻቸው በመጠኑ ረዘመ፤ ከበፊቱ ራቅ ብለው መራመድ ቻሉ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «በመጠኑ ማለት ለኔ የልጄ ሰርግ ላይ መቆም ነው» አሉ። ቆሙም። በሙሽሮቹ መሐል፣ ክንዳቸውን ለሁለቱም ሰጥተው፣ ፎቶ ተነሡ። እናቷም ከጎን ሆነው ሲያለቅሱ ፎቶው ውስጥ ገብተዋል።

ኑሮው ቀላል አልነበረም። ሁለቱም ሥራ ውለው ይመጣሉ፤ ቤት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይጠብቃቸዋል። የሚኮራረፉበት ቀን አለ፤ ማን ወጥ ይሥራ በሚል ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ስኳሯ ወረደባት። ብርጭቆው ከእጇ ሲያመልጥ ከሌላው ክፍል በሩጫ ደረሰ። ወለሉ ላይ አስቀምጦ፣ ጭማቂ ወደ አፏ አስጠግቶ፣ እንዳስተማረችው ቀስ እያለ አጠጣት። ላቡ ሲደርቅላት፣ ዓይኗ ሲጠራ፣ እሱ ባዶውን የጭማቂ ብርጭቆ አሁንም አፏ አጠገብ ይዞ እንዳለ አየች። ግድግዳውን ተደግፎ አጠገቧ ተቀመጠ። የተሰበረው ብርጭቆ እግራቸው ሥር ተበትኗል፤ ሁለቱም ለመነሣት አቅም አልነበራቸውም።

«ደከመህ?» አለችው።

«በጣም።»

ስትፈራው የኖረችውን ጠየቀችው። «ትቆጫለህ?»

ትከሻዋን ስቦ አስጠጋት።

«ደክሞኛል እንጂ የት ሄድኩ?» አላት።